የሲኒክን «ፎከስ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያደምጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተመለሱት ለሜታል ሙዚቃ እንግዳ የሆኑም ሆኑ ሜታል እየሰሙ ይህን አልበም ያላደመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመታቱ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲኒክ ማን ነው? «ፎከስ»ስ ምን ዓይነት አልበም ነው?

ሲኒክ በ1987 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ በማያሚ ከተማ የተመሠረተ ባንድ ነው። ዋነኞቹ ሰዎች ጊታሪስቱና ድምፃዊው ፖል ማስቪዳል እና ድራመሩ ሾን ራይነርት ሲሆኑ፣ ሁለቱም በ1971 የተወለዱ ናቸው። «ፎከስ» የባንዱ የመጀመሪያ ሙሉ አልበም ሲሆን ሮድራነር ሬከርድስ በተባለው አሳታሚ በኩል ሴፕቴምበር 14 ቀን 1993፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 1986 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ይህን የመሰለ ሥራ ሲያወጡ ማስቪዳልና ራይነርት ገና የ22 ዓመት ወጣቶች እንደነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው።

አልበሙ ስምንት ሥራዎችን ይዟል፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 36 ደቂቃ ያህል ነው። ከሁለቱ ጋር ጄሰን ጎቤል ሁለተኛውን ጊታር፣ ሾን ማሎን ቤዙን ተጫውተዋል፤ ሻካራውን ድምፅ ያሰማው ደግሞ ቶኒ ቲጋርደን ነው። የተቀዳው በታምፓ ከተማ በሚገኘው ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ፣ በፕሮዲዩሰር ስኮት በርንስ አማካይነት ነው። ስቱዲዮውም ፕሮዲዩሰሩም በዚያ ዘመን የፍሎሪዳን ዴዝ ሜታል (እጅግ ከባድ የሆነውን የሜታል ዓይነት) ድምፅ በመቅረጽ የታወቁ ስለነበሩ፣ ከዚያው ቤት ይህን ያህል የተለየ ሥራ መውጣቱ አንዳንዶችን ሲያስደንቅ ሌሎችን ግራ አጋብቷል።

ፕሮግሬሲቭ ሜታል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሜታል በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ በኤሌክትሪክ በሚያሻክር ስልት) በተጠናከረ ጊታርና በከባድ ድራም ላይ የቆመ፣ ከሮክ የወጣ ሙዚቃ ነው። ፕሮግሬሲቭ የሚባለው ዘርፍ ይህን ክብደት ሳይለቅ ከተለመደው የዘፈን አወቃቀር ይወጣል፤ አንድ ቁራጭ ሙዚቃ አዝማች ላይኖረው ይችላል፣ የምቱ አከፋፈል በመሐል ይለዋወጣል፣ መሣሪያዎቹም ለረጅም ጊዜ ያለ ድምፃዊ ሐሳባቸውን ያዳብራሉ። መነሻው በአንድ በኩል የ1970ዎቹ የእንግሊዝ ፕሮግሬሲቭ ሮክ፣ በሌላ በኩል በ1980ዎቹ እንደ ኩዊንስራይክና ፌትስ ዋርኒንግ ያሉ የአሜሪካ ባንዶች የጀመሩት መንገድ ነው።

ሲኒክ ግን ወደዚህ ዘርፍ የገባው በሌላ በር፣ በጣም ከባድ ከሆነው ከዴዝ ሜታል ተነሥቶ ነው። ስለዚህ አንዳንድ መዝገቦች «ፎከስ»ን ቴክኒካል ዴዝ ሜታል፣ ሌሎች ፕሮግሬሲቭ ሜታል፣ ሌሎች ደግሞ ጃዝ ሜታል ብለው ይመድቡታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው በስያሜው ባይጨነቅ መልካም ነው።

ከሌሎች የታወቁ አልበሞች ይልቅ በዚህ መጀመር ለምን ያስፈልጋል?

በዚህ ብቻ መጀመር አለበት የሚል ሕግ የለም። ለጆሮ የሚቀልል ዜማና ጥርት ያለ ድምፃዊ የሚፈልግ ሰው በዘርፉ ሌሎች በሮች ያገኛል። ሆኖም «ፎከስ» ለጀማሪ የሚመች አንድ ትልቅ ባሕርይ አለው፤ አጭር ነው። ብዙ የዘርፉ አልበሞች ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሄዱ ይህኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ መቀመጫ ሊሰማ ይችላል፤ ከስምንቱ ሥራዎች አንዱም ስድስት ደቂቃ አይሞላም።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከእኛ የአደማመጥ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ ሙዚቃ ያደገ ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ድምፃዊውንና ግጥሙን ነው፤ ባንዱ ያጅባል፣ ድምፃዊው ይናገራል። በ«ፎከስ» ውስጥ ይህ ሥርዓት ተገልብጧል። ድምፃዊው ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ሆኖ የሚገባና የሚወጣ ሲሆን፣ ነገሩን የሚመሩት ቤዙ፣ ድራሙና ጊታሮቹ ናቸው። ይህን ለውጥ በ36 ደቂቃ ውስጥ በዚህ ጥራት የሚያስተምር ሌላ አልበም በቀላሉ አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

ባንዱ በ1987 ተመሥርቶ አልበሙ እስከ 1993 የዘገየው ለምንድን ነው?

በመሐል ብዙ ነገር አልፏል። ባንዱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) ካሴቶችን እየቀዳ ሲያሰራጭ ቆየ፤ በ1991 ለሮድራነር በተቀዳው ዴሞ ላይም ኋላ በአልበሙ የተካተቱት «ዚ ኢግል ኔቸር» እና «ዩሮቦሪክ ፎርምስ» ነበሩ። በዚያው ዓመት ማስቪዳልና ራይነርት በቸክ ሹልዲነር የሚመራውን ዴዝ የተባለውን ባንድ ተቀላቅለው «ሂውማን» የተሰኘውን አልበም ቀዱ። ይህ አልበም በዴዝ ሜታል ታሪክ ውስጥ እንደ መታጠፊያ የሚቆጠር ሲሆን፣ የራይነርት የድራም አመታት ከዚያ በኋላ ለመጡ ድራመሮች መለኪያ ሆነ።

ከዚያ ኦገስት 24 ቀን 1992 አንድሪው የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ። የባንዱ የልምምድ ቦታ ከተጎዱት አንዱ ስለነበር የስቱዲዮው ዕቅድ ተራዘመ። መዘግየቱ ግን ከንቱ አልሆነም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙዚቃው ከ1991ዱ ዴሞ በእጅጉ ተለውጧል፤ ሁለቱን የቆዩ ሥራዎች በዴሞውና በአልበሙ ላይ አነጻጽሮ የሰማ ሰው፣ ያው ባንድ መሆኑን እስኪጠራጠር ድረስ ልዩነቱን ያስተውላል።

ሙሉውን በቅደም ተከተል መስማት የግድ ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አዎን። የስምንቱ ሥራዎች አቀማመጥ የታሰበበት ነው። «ቬይል ኦፍ ማያ» መክፈቻ ሆኖ የአልበሙን ቃላት በሙሉ፣ ማለትም ሻካራውንና ለስላሳውን ድምፅ፣ ከባዱን ሪፍ (ተደጋግሞ የሚመላለሰውን የጊታር ሐረግ) እና ዲስቶርሽን የሌለበትን የጸዳ ጊታር፣ በአንድ ላይ ያስተዋውቃል። «ሰለስቲያል ቮያጅ» እና «ዚ ኢግል ኔቸር» አጠር ብለው ኃይሉን ይቀጥላሉ፤ «ሴንቲመንት» እና «አይም በት ኤ ዌቭ ቱ» ደግሞ ለጸጥታው ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ። «ዩሮቦሪክ ፎርምስ» ከአልበሙ ሁሉ ወደ ንጹሕ ዴዝ ሜታል የሚቀርብ ነው። ወዲያው ያለ ምንም ድምፃዊ የተሠራው «ቴክስቸርስ» ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ጥድፊያ በድንገት የሚረግብበትን ስሜት ሊያውቅ የሚችለው በቅደም ተከተል የሰማ ሰው ብቻ ነው። መዝጊያው «ሃው ኩድ አይ» ነው።

ስለዚህ በስልክ መተግበሪያ የሚሰሙ ከሆነ ቅደም ተከተሉን የሚያዘባርቀውን ቁልፍ ያጥፉ። በዩቲዩብ ከሆነ ደግሞ በመሐል የሚገባው ማስታወቂያ ይህን መሸጋገሪያ ስለሚሰብር፣ ማስታወቂያ በሌለበት መንገድ ወይም አስቀድሞ በተጫነ ፋይል መስማት እጅግ ይሻላል። ከ2004ቱ ዳግም ኅትመት ጋር ተጨማሪ ሥራዎች ተያይዘዋል፤ አልበሙ ግን በስምንተኛው ላይ እንደሚያበቃ ይወቁ፣ እዚያም ያቁሙ።

በምን ልስማው?

በስልኩ በራሱ ስፒከር አይስሙት። የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያወጣ ቤዙ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ቤዙ የጠፋበት «ፎከስ» ደግሞ ግማሽ አልበም ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ግራና ቀኙን የሚለይ መጠነኛ ኢርፎን ይበቃል፤ ሁለቱ ጊታሮች በግራና በቀኝ የተለያየ ነገር የሚጫወቱባቸው ቦታዎች ስላሉ ሁለቱም ጆሮዎች ላይ ይሰካ።

ያ ከጉሮሮ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ይጮኻል?

በሜታል አድማጮች ዘንድ ግራውል ይባላል። ዘፋኙ ከእውነተኛው የድምፅ አውታር በላይ ያሉትን እጥፋቶች ጭምር እያንቀጠቀጠ ዝቅ ያለና የሻከረ ድምፅ የሚያወጣበት ስልት ነው። በዴዝ ሜታል ውስጥ ይህ የተለመደ የድምፅ አጠቃቀም እንጂ የዘፋኙን ቁጣ ወይም የግጥሙን ክፋት የሚያመለክት ነገር አይደለም፤ የ«ፎከስ» ግጥሞች እንዲያውም ስለ ውስጣዊ ሰላም የሚያወሩ ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙ ቃላቱን ለመለየት አይታገሉ፤ አይለዩምና። ከዚያ ይልቅ እንደ አንድ የምት መሣሪያ ይቁጠሩት። የቲጋርደን ድምፅ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ብዙውን ጊዜ ከጊታሩ ሪፍ ጋር ይገጣጠማሉ፤ ይህን ግጥምጥሞሽ አንዴ ያስተዋለ ጆሮ ጩኸቱን እንደ ሁከት መስማቱን ይተዋል።

እንደ ሮቦት የሚሰማው ድምፅስ? በኮምፒውተር የተሠራ ነው?

አይደለም፤ የማስቪዳል የራሱ ድምፅ ነው፣ ነገር ግን ቮኮደር በተባለ መሣሪያ ውስጥ አልፏል። ቮኮደር በ1930ዎቹ በቤል ላብራቶሪዎች ለስልክ ግንኙነት ሲባል የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ኋላ ሙዚቀኞች ወሰዱት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አፍ የሚሰጠውን የቃል ቅርጽ ከሰው ድምፅ ይወስድና በሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክ መንገድ ድምፅ በሚፈጥር መሣሪያ) ድምፅ ላይ ያትመዋል። ስለዚህ የምንሰማው የሰው ንግግር ቅርጽ ያለው የሲንተሳይዘር ድምፅ ነው። ዛሬ በዘፈኖች ላይ የምንሰማው አውቶቲዩን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የዘፋኙን ኖታ ያስተካክላል፣ ቮኮደር ደግሞ የድምፁን ባሕርይ ራሱን ይለውጣል።

ይህ ምርጫ በ1993 በሜታል ዓለም ፈጽሞ ያልተጠበቀ ነበር። ከጆሮ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ሰዎችም በመጀመሪያው ዘፈን ላይ የሚያቆሙት በግራውሉ ሳይሆን በዚህ ድምፅ ምክንያት ነው። ትዕግሥት ይኑር እላለሁ። ሁለቱ ድምፆች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ከምድር ሥር፣ ሌላኛው ሥጋ ከሌለው ቦታ የሚመጣ ይመስላል፤ በመካከላቸው ያለውን ሰፊ ክፍተት የሚሞሉት መሣሪያዎቹ ናቸው። አልበሙ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

በመጀመሪያው መስማት ላይ ምኑን ልከተል?

ቤዙን። ከላይ እንደተጠቀሰው እኛ የለመድነው ድምፃዊውን መከተል ነው፤ በዚህ አልበም ግን ድምፃዊውን የተከተለ ሰው ይጠፋል፣ ቤዙን የተከተለ ሰው መንገዱን ያገኛል። ሾን ማሎን በአልበሙ ላይ የተጫወተው ፍሬት የሌለው ቤዝ ጊታር ነው፤ በተለመደው ጊታር አንገት ላይ ኖታዎቹን የሚለያዩት የብረት መስመሮች የሉበትም። በዚህ ምክንያት ጣት ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲንሸራተት በመሐል ያለው ድምፅ ሁሉ ይሰማል፤ የመሰንቆ ተጫዋች በጣቶቹ ድምፁን እንደሚያስለቅሰው ማለት ነው። በሌሎች የሜታል አልበሞች ቤዙ ጊታሩን ከሥር ሲደግፍ ይውላል፤ እዚህ ግን የራሱ ዜማ አለው፣ አንዳንዴም ጊታሮቹ ዝም ብለው እሱ ብቻ ይናገራል። ማሎን ከዚህ በተጨማሪ ቻፕማን ስቲክ የተባለውን፣ ሁለቱም እጆች ክሮቹን በአንገቱ ላይ እየነኩ የሚጫወቱትን ረጅም መሣሪያ ተጠቅሟል።

ከቤዙ ቀጥሎ የራይነርትን ድራም ይከተሉ። ትኩረት የሚገባው የድብደባው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የሲምባሎቹ (የድራሙ የብረት ሳህኖች) አጠቃቀም ነው። ከባዱ ሪፍ በሚሄድበት ጊዜ እንኳ ቀኝ እጁ በሲምባሎቹ ላይ እንደ ጃዝ ድራመር ቀለል ያሉ፣ የማይደጋገሙ ነገሮችን ይሠራል፤ እግሩና እጁ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። የመጀመሪያው መስማት ለእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ብቻ ቢውል አንዳች አይጎድልም፤ ጊታሮቹ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ራሳቸውን ያሳውቃሉ።

ምቱን በእግሬ ልከተል ስል ይጠፋብኛል። ችግሩ የኔ ነው?

አይደለም። አብዛኛው ዘፈን ምቱን በአራት በአራት ይከፍላል፤ የእኛ ችክችካ ደግሞ በስድስት ስለሚሄድ ጆሯችን ለዚያም የተዘጋጀ ነው። ሲኒክ ግን በአንድ ሥራ ውስጥ የአከፋፈሉን ርዝመት ሊቀያይር ይችላል፤ አንድ ሐረግ አንድ ምት ሲጨመርበት ወይም ሲቀነስበት እግር ያለቦታው ያርፋል።

መፍትሔው ከምት ይልቅ ሐረግ መቁጠር ነው። አንድ ሪፍ ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያልቅ ይያዙ፤ ያው ሪፍ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ይከታተሉ። ሪፉ ራሱ ስምንት ምት ይሁን ሰባት ለጊዜው ምንም ለውጥ አያመጣም። በዚህ መንገድ «ቴክስቸርስ»ን ደጋግሞ የሰማ ሰው፣ ሐረጎቹ ምን ያህል በሥርዓት እንደሚመላለሱና እንደተወሳሰበ የታሰበው ነገር ምን ያህል ግልጽ አወቃቀር እንዳለው ይረዳል። ይህ ሥራ ለእኔ የአልበሙ ልብ ነው፤ ቃል ስለሌለው ከሻካራው ድምፅ ጋር ገና ላልተስማማ ሰውም ሁለተኛ የመግቢያ በር ሆኖ ያገለግላል።

ግጥሞቹ ስለ ምንድን ናቸው? ከሃይማኖት ጋር የሚጋጭ ነገር አላቸው?

በዚያ ዘመን የዴዝ ሜታል ግጥም በአብዛኛው ስለ ሞት፣ ስለ ሬሳና ስለ ዓመፅ ነበር። የማስቪዳል ግጥሞች ከዚህ ርቀው ስለ ሐሳብ መሰብሰብ፣ የራስን ማንነት ስለ መመርመርና የሰው ልጅ ከሚያየው ዓለም ባሻገር ስላለው ነገር ይናገራሉ። ምንጩ በዋነኛነት የምሥራቅ ፍልስፍና ነው፤ የመክፈቻው ሥራ ርዕስ ከሂንዱ አስተሳሰብ የተወሰደ ሲሆን የ«ዩሮቦሪክ ፎርምስ» ርዕስ ደግሞ የገዛ ጅራቱን የሚነክሰውን የጥንቱን የእባብ ምልክት ያስታውሳል።

ሃይማኖትን የሚሳደብ ወይም የሰይጣን አምልኮን የሚያሞግስ ነገር የለበትም። ይሁንና ግጥሞቹ ከሌላ የእምነት ባህል የተቀዱ መሆናቸው ግልጽ ነው፤ ይህ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ጽሑፋቸውን አስቀድሞ ማንበብ ይችላል። የአልበሙን ሽፋን ሥዕል የሠራው አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ቬኖሳ ነው፤ ያ ብርሃናማ ሥዕልም በጊዜው ከነበሩት በደም ከተነከሩ ሽፋኖች መሐል ወዲያው ይለይ ነበር።

አንዴ ሰምቼ ምንም ያልያዝኩት ከሆነስ?

ይህ የሚጠበቅ ነው። የዚህ አልበም ዜማዎች በአንድ መስማት ከጆሮ የማይጣበቁት በፍጥነት ስለሚያልፉ ነው፤ አንድ ውብ ሐረግ አንዴ ወይም ሁለቴ ተሰምቶ ሳይመለስ ይቀራል። በተከታታይ ደጋግሞ ከመስማት ይልቅ አንድ ቀን አሳልፎ መመለስ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በሁለተኛው ጊዜ የትኛው ክፍል እንደሚመጣ ጆሮው አስቀድሞ ማወቅ ሲጀምር፣ ያ መጠበቅ ራሱ ደስታ ይሆናል።

በሦስተኛው ጊዜም ምንም ካልተሰማዎት አልበሙ የእርስዎ አይደለም ማለት ነው፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ታዲያ ይህ ጃዝ ነው ወይስ ሜታል?

ጥያቄው ሲነሣ የሚታሰበው በአንድ በኩል የሜታል ክፍል፣ በሌላ በኩል የጃዝ ክፍል ተለጣጥፎ መሠራቱ ነው። በኋላ የመጡ ብዙ ባንዶች በእርግጥ እንዲህ አድርገዋል፤ ለአንድ ደቂቃ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ለሠላሳ ሰከንድ ለስላሳ ነገር ያስገባሉ፣ ከዚያ ወደ ጩኸቱ ይመለሳሉ። የ«ፎከስ» ብልጫ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መሰማታቸው ነው። ከባዱ ሪፍ ውስጥ ያሉት ኮርዶች (በአንድነት የሚሰሙ ኖታዎች) ራሳቸው የጃዝ ፊውዥን፣ ማለትም ጃዝን ከሮክ ጋር ያዋሐደው ሙዚቃ፣ ኮርዶች ናቸው፤ ከሥራቸው የሚሄደው ድራም የዴዝ ሜታል ጉልበትና የጃዝ ልቅነት በአንድነት አለው።

በጊታሮቹ ላይ የእንግሊዛዊው ፊውዥን ጊታሪስት የአለን ሆልድስዎርዝ ተጽዕኖ ጎልቶ ይሰማል፤ በተለይ በሶሎዎቹ ውስጥ ኖታዎቹ አንድ በአንድ ሳይመቱ እንደ ትንፋሽ መሣሪያ እየተያያዙ የሚፈስሱበት ስልት የእሱን መንገድ የተከተለ ነው። ማስቪዳልና ጎቤል የጊታር ሲንተሳይዘርም ተጠቅመዋል፤ ስለዚህ ኪቦርድ የሚመስሉት ሰፋፊ ድምፆች ከፊሎቹ በእርግጥ ከጊታር የወጡ ናቸው። በሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች የጃዝ ኮርድ ከሌላ ባህል ዜማ ጋር ሲዋሐድ የሰማ ኢትዮጵያዊ አድማጭ፣ ሁለት ቋንቋዎች ሳይጠፋፉ አብረው መናገር እንደሚችሉ አስቀድሞ ያውቃል፤ ለዚህ አልበም ከዚህ የተሻለ ዝግጅት የለም።

አልበሙ ይህን ያህል የሚወደስ ከሆነ ባንዱ ለምን ወዲያው ተበተነ?

ውዳሴው ዘግይቶ የመጣ ነው። አልበሙ እንደወጣ ባንዱ በ1994 ከካኒባል ኮርፕስ ጋር በአሜሪካ ዞሮ ተጫወተ፤ ይህ ባንድ ከሁሉም በላይ ጨካኝ የሆነውን ዴዝ ሜታል የሚጫወት ስለነበር፣ ያንን ፈልጎ የመጣው ታዳሚ ለቮኮደርና ለጸዳ ጊታር ትዕግሥት አልነበረውም። በዚያው ዓመት ሲኒክ ፈረሰ። ማስቪዳል፣ ራይነርትና ጎቤል ፖርታል በተባለ ለስለስ ያለ ፕሮጀክት ለአጭር ጊዜ ቀጠሉ፤ ማሎን በበኩሉ ጎርዲያን ኖት የተባለውን መሣሪያ ተኮር ፕሮጀክት መሠረተ።

ነገር ግን አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የወጣት ሙዚቀኞች መማሪያ ሆነ። ከመክፈቻው ሥራ ስሙን የወሰደ የቺካጎ ባንድ እስከ መነሣት ደርሷል። ሲኒክም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ተሰባሰበና በ2008 «ትሬስድ ኢን ኤር» የተሰኘውን ሁለተኛ አልበሙን አወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ ራይነርት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ማሎን ከዚህ ዓለም ተለዩ። «ፎከስ»ን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው እንዲከተላቸው ከላይ የመከርኳቸው ሁለቱ መሣሪያዎች የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ናቸው።

ሻካራው ድምፅ ባይኖርበት አልበሙ አይሻልም ነበር?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያከራክር ጥያቄ ነው፤ አልበሙን ከሚወዱት ሰዎች መካከል እንኳ ቲጋርደን ባይኖርበት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ግራውሉ በ1993 ከነበረው የዘርፉ ልማድ የመጣ ነው፤ በቅጂው ላይም ከመሣሪያዎቹ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳየው የስሜት ስፋት ጠባብ ነው። አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በ«ሰለስቲያል ቮያጅ» ውስጥ፣ መሣሪያዎቹ ብቻቸውን ቢተዉ ይመረጥ ነበር የሚያሰኝ ስሜት ለእኔም ይመጣብኛል።

ቢሆንም ያለ እሱ አልበሙ አይሻልም ነበር ብዬ አምናለሁ። ለስላሳው ክፍል ዋጋ የሚያገኘው ከሚታገለው ነገር አንጻር ነው፤ «ቴክስቸርስ» የሚያሳርፈው «ዩሮቦሪክ ፎርምስ» ስላደከመን ነው። ጥሩ ሆኖ ባንዱ ራሱ ይህን ማመዛዘን የምንችልበትን መንገድ ትቶልናል። በ«ትሬስድ ኢን ኤር» ላይ ግራውሉ ቀንሶ ከኋላ ይሰማል፤ በ2010 በወጣው «ሪትሬስድ» ደግሞ ከዚያው አልበም የተመረጡ ሥራዎች ያለ ግራውል፣ በለሰለሰ አቀራረብ እንደገና ተሠርተዋል። ከ2008ቱ «ኢንተግራል በርዝ» የተሰኘውን፣ ከ2010ሩ ደግሞ «ኢንተግራል» ተብሎ የተሠራውን ያንኑ ሥራ አከታትለው ይስሙ። ሁለተኛው እጅግ ውብ ነው፤ ለብቻው ቢሰማ ማንንም ያስደስታል። የመጀመሪያውን ከሰሙ በኋላ ግን አንድ የተቃውሞ ኃይል ከውስጡ እንደወጣ ይታወቃል። ልዩነቱን በዚህ መልኩ ካስተዋሉ በኋላ ወደ «ፎከስ» ተመልሰው «ቬይል ኦፍ ማያ»ን ይክፈቱ፤ የሁለቱን ድምፆች ድርሻ በራስዎ ጆሮ ለመፍረድ ያኔ ዝግጁ ይሆናሉ።